የሐዋሳ ጦጣና የደጋው ዘመዷ

በሐዋሳ ከተማ አሞራ ገደል አካባቢ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየዘለሉ የጎብኚዎችን እጅ የሚጠባበቁት ጦጣዎች ለዓይን እጅግ የተለመዱ በመሆናቸው፣ የትኛው ዝርያ እንደሆኑ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይደለም። ሳይንሳዊ ስማቸው ክሎሮሴበስ ኤቲዮፕስ ሲሆን፣ በውጭው ዓለም ግሪቬት በመባል ይታወቃሉ። ከሐይቁ ዳርቻ ተነስተን ወደ ሲዳማ ደጋ ብንወጣ ግን የቅርብ ዘመዳቸውን እናገኛለን። ይህም ከኢትዮጵያ በስተቀር በየትኛውም አገር የማይገኘው የባሌ ጦጣ፣ ማለትም ክሎሮሴበስ ጃምጃመንሲስ ነው።

«የባሌ» የሚለው መጠሪያ ለእንስሳው ሙሉ በሙሉ የሚስማማ አይመስልም። ጀርመናዊው ተጓዥ ኦስካር ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1902 ለሳይንስ ሲያስተዋውቀው ስሙን የወሰደው ከአባያ ሐይቅ በስተምሥራቅ ካለው የጃምጃም ምድር ነበር። የሲዳማና የጉጂ ደጋዎችም እንደ ባሌ ተራሮች ሁሉ መኖሪያው ናቸው።

ሁለቱን በመልክ መለየት ጥቂት ትዕግሥት ይጠይቃል። የሁለቱም ፊት ጥቁር ነው። ይሁን እንጂ የሐዋሳዋ ጦጣ ግንባር ላይ ነጭ መስመር ጎልቶ ይታያል፤ የጉንጯ ነጭ ጠጉርም ረዥም ሆኖ ወደ ኋላ የተበተነ ነው፤ ጀርባዋ ወደ ወይራማነት ያደላል። የባሌ ጦጣ የግንባር መስመሩ ደብዛዛ ነው ወይም ጨርሶ የለም፤ ነጭ ጢሙ አጭር፣ ጀርባው ቡናማ፣ ጠጉሩም ለብርድ እንደሚስማማ ሆኖ ረዘም ያለና ጥቅጥቅ ያለ ነው።

ዋናው ልዩነት ግን ያለው በምግባቸው ላይ ነው። የሐዋሳዋ ጦጣ ፍሬ፣ አበባ፣ የግራር ሙጫ፣ ነፍሳት፣ የሰው ትራፊም ሳይቀር ትመገባለች። በአንጻሩ በኦዶቡሉ ደን የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከባሌ ጦጣ ምግብ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው የደጋ ቀርከሃ ነው፤ በተለይም ለጋ ቅጠሉ። ብዙ የቀርከሃ ዓይነቶች በለጋነታቸው ሳይናይድ የሚያመነጩ ውሁዶችን ስለሚይዙ፣ ይህን የመሰለ አመጋገብ ከጦጣና ከዝንጀሮ ወገን ዘንድ እምብዛም አይታይም። ለንጽጽር የሚጠቀሱት የማዳጋስካር የቀርከሃ ሊመሮች ናቸው።

እንግዲህ ቀርከሃው ሲመነጠር ምን ይሆናል? በሲዳማ ደጋ ቀርከሃ ለቤት መሥሪያ፣ ለአጥርና ለልዩ ልዩ ዕቃ ይቆረጣል፤ መሬቱም ወደ እርሻነት ይለወጣል። በተረፉት ቁርጥራጭ ደኖች የሚኖሩት የባሌ ጦጣዎች የምግባቸውን ዓይነት ለማስፋት ይገደዳሉ፤ ማሳ ውስጥም ስለሚገቡ ከገበሬው ጋር ይጣላሉ። ገበሬውም ሰብሉን ቢጠብቅ የሚፈረድበት አይደለም።

ከዚህ የረቀቀው ለውጥ የታየው በዘረመል ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ለኅትመት የበቃ ጥናት የማይቶኮንድሪያ ዘረመልን መርምሮ፣ በቁርጥራጭ ደኖች ያሉት የባሌ ጦጣዎች በሰፊው ደን ካሉት ወገኖቻቸው ይልቅ ከግሪቬትና ከደቡቡ ዘመዳቸው ከቨርቬት ጋር እንደሚቀራረቡ አሳይቷል። ማይቶኮንድሪያ የሚወረሰው ከእናት ብቻ መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል። በእነዚህ ጦጣዎች ዘንድ ሴቷ በተወለደችበት መንጋ ስትቀር ወንዱ ይሰደዳል፤ ስለዚህ የባሌ ጦጣ ወንዶች ወደ ሌላው ዝርያ መንጋ እየገቡ ተዳቅለው ሊሆን ይችላል።

በመማሪያ መጻሕፍት «የተለያዩ ዝርያዎች እርስ በርስ አይራቡም» የሚለው ብያኔ እዚህ ላይ ይላላል። ከባለመቀነት ፔንግዊኖች መካከልም በደረቱ ላይ አንድ ጥቁር መቀነት ያለው ሐምቦልትና ሁለት ያለው ማጄላን በደቡባዊ ቺሊ ጎን ለጎን ሲራቡ ድቅሎች ተገኝተዋል። ልዩነቱ የእኛው ጦጣ የሚኖርበት ምድር እጅግ ጠባብ መሆኑ ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለአደጋ የተጋለጠ ብሎ መድቦታል፤ መዳቀሉ ከቀጠለም በቁርጥራጮቹ ደኖች ውስጥ ጦጣ ሳይጠፋ የባሌ ጦጣ ሊጠፋ ይችላል።