ለቁልቁለት የሚገዛ ሸራ

ከወምበርማዋ ሽንዲ ተነስቶ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አልፎ አዲስ አበባ የሚገባ ፒክአፕ ደጀን ሲደርስ የዓባይ በረሃ ይጠብቀዋል። ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1,200 ሜትር በላይ ነው። በርበሬ የጫነ፣ ከነጭነቱ 3 ቶን የሚመዝን ሂሉክስ ይህን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 35 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይሆናል፤ አንድ ሊትር ናፍጣ ነድዶ የሚሰጠውን ሙቀት ያህል ማለት ነው። ሞተሩና ነፋሱ ካልተጋሩት ይህ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው ፍሬኑ ላይ ነው፤ አብዛኛውም የፊት ጎማዎቹ ጋ ባሉት ሁለት የብረት ዲስኮችና መዳፍ በማያክሉ የፍሬን ሸራዎች ላይ። መለዋወጫ ሱቅ ገብቶ «የፊት ሸራ ስንት ነው?» ብሎ የሚጀምር ሰው ብዙ ነው። ዋጋውስ ይጠየቅ፤ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሸራው ሲግል ምን እንደሚሆን ነው።

የፍሬኑ ሥራ ራሱ ቀላል ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱ ካሊፐሩ ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል፣ ፒስተኑ ሁለቱን ሸራዎች ከግራና ከቀኝ ዲስኩ ላይ ያጣብቃል፣ የመኪናው ሩጫ ወደ ሙቀት ይለወጣል። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር የዲስክ ፍሬንን ፈጠራ በ1902 እ.ኤ.አ. ሲያስመዘግብ ሸራው መዳብ ነበር፤ ቶሎ ያልቃል፣ ጩኸቱም አያስቀምጥም። ከዚያ ወዲህ የተለፋው በአብዛኛው ለሸራው ቅመም ነው። ለረጅም ዘመን ሙቀት የሚችለው አስቤስቶስ ነገሠ፤ ብናኙ ሳንባን በካንሰር እንደሚጎዳ ከታወቀ በኋላ ብዙ አገሮች ከለከሉት። በርካሽ ሸራ ውስጥ ዛሬም ሊገኝ ስለሚችል፣ የጋራዥ ልጆች ጎማ ፈትተው የፍሬኑን አቧራ በኮምፕሬሰር ማራገባቸውን ቢተዉ ይሻላል። በውሃ የራሰ ጨርቅ ይበቃል።

ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት በዋናነት ሦስት ዓይነት ናቸው። ኦርጋኒክ የሚባለው ለስላሳ ነው፣ አይጮህም፣ ዲስክ አይበላም፤ ከተማ ውስጥ ለሚውል የቤት መኪና ተስማሚ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ቶሎ ይሰንፋል፤ ማያያዣ ሙጫው ሲግል መቆንጠጡን ይተዋል፣ ሹፌሩም ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንክሮ ሳለ መኪናው አልቆም ሲለው ያገኘዋል። ሴሚ ሜታሊክ የብረት ብናኝና ክር የተቀላቀለበት ነው። ትንሽ ይጮኻል፣ ዲስኩንም ቶሎ ይበላል፣ ሙቀትን ግን ይችላል። ሴራሚኩ ንጹሕና ጸጥተኛ ሆኖ ዋጋው ይከብዳል። ለወምበርማ ጭቃና ለዓባይ በረሃ የምመርጠው ሴሚ ሜታሊኩን ነው። ዲስክ ቶሎ ማለቁ ያበሳጫል፤ ግን ዲስክ ይገዛል።

ሻጩ የሚለውን ብቻ ከማመን የሸራውን ጠርዝ ወይም ጀርባ ማየት ይሻላል። ብዙ ጊዜ ከተከታታይ ቁጥሮች ኋላ ሁለት የላቲን ፊደላት ታትመው ይገኛሉ። የመጀመሪያው ፊደል ሸራው በመጠነኛ ሙቀት ያለውን የመቆንጠጥ አቅም፣ ሁለተኛው ሲግል የሚኖረውን ይናገራል። «ኢ» ከ0.25 እስከ 0.35፣ «ኤፍ» ከ0.35 እስከ 0.45፣ «ጂ» ከ0.45 እስከ 0.55 ነው። ለእኛ መንገድ ዋናው ሁለተኛው ፊደል ነው፤ «ኤፍ ኢ» የተጻፈበት ሸራ እየጋለ ሲሄድ እንደሚደክም በራሱ ላይ ተጽፎ ይሸጣል ማለት ነው። በክብ ውስጥ «ኢ» ፊደልና ቁጥር፣ አጠገቡም «90 አር» የሚል ካለበት ደግሞ ከፋብሪካው ሸራ ጋር ተወዳድሮ የአውሮፓን ፈተና ያለፈ ነው። ማኅተም ግን በሐሰትም ይታተማል። ካርቶኑ ላይ የተጣመመ ፊደል፣ ሸራው ከብረቱ ጋር የተያያዘበት ቦታ ላይ ክፍተት፣ በጥፍር ሲቧጨር የሚረግፍ ጠርዝ ከታየ ትቶ መሄድ ነው።

አሮጌውን ሸራ ይዞ መሄድ የቆየ ልማድ ነው፣ ጥሩም ልማድ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። የታይላንዱና የደቡብ አፍሪካው ሂሉክስ፣ ባለ ሁለትና ባለ አራት ጎማ ነጂው፣ የዲስካቸው ስፋት ሊለያይ ይችላል። ሊብሬው ላይ ያለውን የቻሲ ቁጥር ለአስመጪው ሞኤንኮ ወይም ጥሩ ካታሎግ ላለው ነጋዴ መስጠት፣ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተልኮ የመጣው ዕቃ አልገጥም ብሎ ቡሬ ላይ ከመቸገር ያድናል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መታገዱ ከተነገረ ወዲህ፣ ነባሩን መኪና በመለዋወጫ ማኖር የብዙ ባለንብረት ሐሳብ ሆኗል።

ዲስኩ ላይ ደግሞ ከእሱ በታች ሊሳሳ የማይገባው ውፍረት ብዙ ጊዜ በራሱ ብረት ላይ ተቀርጿል። አዲስ ሲሆን 25 ሚሊሜትር የነበረ ዲስክ 23 ሲደርስ ጊዜው አልፏል ሊባል ይችላል፤ ከዚያ በታች ሙቀት የሚይዝበት ሥጋ የለውም። ፔዳሉ እግር ስር የሚንቀጠቀጥ ዲስክ ቶርኖ ቤት ሄዶ ቢላጭ ይስተካከላል፣ ልኩ እስከፈቀደ ድረስ። ከቶርኖ በኋላ ከልኩ በታች የሚወርድ ከሆነ ለላጩ የሚከፈለው ገንዘብ ለአዲስ ዲስክ ቢውል ይመረጣል። ጌጥ የመሰለው ባለ ቀዳዳ ዲስክ ለጭነት መኪና አይመከርም፤ ቀዳዳው በክረምት ጭቃ ይደፈናል፣ ሲግልም ስንጥቅ የሚነሳው ከዚያው ነው። በመካከሉ ነፋስ መተላለፊያ ያለው ተራ ዲስክ በቂ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ከኋላ ነው ያለው። አብዛኛው ፒክአፕ ከኋላ የሚይዘው በታምቡር ነው፤ ብዙዎቹም ከኋላ አክሱል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን መቆጣጠሪያ ቫልቭ አላቸው። መኪናው ተጭኖ ወገቡ ዝቅ ሲል ቫልቩ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይለቃል፤ ባዶ ሆኖ ከፍ ሲል ይቀንሳል፣ የኋላ ጎማ እንዳይንሸራተት። እኛ አገር ደግሞ ፒክአፕ ተገዝቶ ሳይውል ሳያድር ባሌስትራ ይጨመርለታል። ያኔ መኪናው አንድ ቶን በቆሎ ጭኖም ወገቡ አይወርድም፣ ቫልቩም ባዶ መስሎት የኋላውን ፍሬን ይነፍገዋል። ሸክሙ ሁሉ ፊት ላይ ይወድቃል፤ የፊት ሸራ ቶሎ ያልቃል፣ ዲስኩ ሰማያዊ ይሆናል፣ ባለቤቱም የሸራውን ፋብሪካ ይረግማል። ባሌስትራ ያስጨመረ ሰው የዚያን ዘንግ ልክ እንደገና ሳያስተካክል የፊት ሸራ ቢቀያይር ትርፉ ወጪ ነው።

ዘይቱም አይረሳ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን መፍያው ከ205 ዲግሪ አያንስም፤ ውሃ ሲጠጣ ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ካሊፐሩ ውስጥ ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይሰምጣል። ዶት 4 ከፍ ያለ ነው፣ 230ና 155። በየሁለት ዓመቱ መቀየር ነው።

ሸራም ሆነ ዲስክ ሲገጠም ግራና ቀኝ አብሮ ይቀየራል። አዲስ ዲስክ ከዝገት እንዲጠበቅ ዘይት ስለሚቀባ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ታጥቦ ይድረቅ፤ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ሙቀት የሚችል ግሪስ ይፈልጋሉ፣ የኩሽኔታ ግሪስ ላስቲካቸውን ያበላሻል። ከዚያ በኋላ ከ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ 15 ገደማ እያዘገሙ፣ በመካከሉ እያበረዱ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ ሃያ ሠላሳ ጊዜ መያዝ ሸራውን ከዲስኩ ጋር ያላምደዋል። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ያለው አስፋልት፣ ከብት ባልበዛበት ሰዓት፣ ለዚህ ይመቻል።

የዓባይ በረሃን የሚወርደው ሹፌር በዝቅተኛ ማርሽ ቢወርድ የሙቀቱን ትልቁን ድርሻ ሞተሩ ይወስድለታል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ የሚለቅም አለ። በአዳዲሶቹ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ በማርሽ ሲወርዱ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋል፣ በዜሮ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ያለማቋረጥ ይጠጣል።