የተማሪ ፊልም በዳጉ ሚዛን

በአፋር ምድር መንገደኞች ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ያዩትንና የሰሙትን በየተራ የሚነጋገሩበት ሥርዓት ዳጉ ይባላል። ዳጉ ወሬ ማቀበያ ብቻ ሳይሆን ወሬ መመርመሪያም ነው፤ ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሌላ ከሰማው ለይቶ ያስረዳል፣ የሰማው ከሆነም ከማን እንደሰማ ይጠየቃል፣ አዛብቶ የሚያወራ ሰው ደግሞ ታማኝነቱን ያጣል። የሚዲያ ተማሪዎች የሚያዘጋጁት የቪዲዮና የሬዲዮ ሥራ በምን መመዘን እንዳለበት ለሚያስብ መምህር ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አይገኝም።

በሙያው ትምህርት የተማሪ ሥራ ሲባል ተቀናብሮ ያለቀው ፊልም ብቻ ማለት አይደለም። ስክሪፕቱ፣ ጥሬ ቀረጻው፣ ማለትም ያልተቆረጠውና ያልተቀናበረው ምስልና ድምፅ፣ እንዲሁም ተማሪው በየዕለቱ ምን እንደወሰነና ለምን እንደወሰነ የጻፈበት የሂደት መዝገብ አብረው ይቀርባሉ። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ በደረሰው የጅቡቲ ምድር ባቡር ምክንያት በተቆረቆረችው በአዋሽ ሰባት ኪሎ ከተማ አንድ ተማሪ ስለ አሮጌው የባቡር ጣቢያ ዘጋቢ ፊልም ቢሠራ፣ መምህሩ ጥሬ ቀረጻውን ካልተመለከተ አንድ አዛውንት «ሲባል ሰምቻለሁ» ያሉት ቃል በቅንብር ተቆርጦ የዓይን ምስክርነት መስሎ መቅረቡን ሊያውቅ አይችልም። እንዲህ ያለው ጥፋት ከደበዘዘ ምስል እጅግ የከፋ ስለሆነ በነጥብ አሰጣጡ ውስጥም ከሁሉ የላቀውን ክብደት ሊይዝ ይገባል።

የምስልና የድምፅ ጥራትም ከቦታው ጋር ተገናዝቦ ይታያል። የክልሉን ርዕሰ ከተማነት ከአሳይታ በተረከበችው ሰመራ የቀትር ፀሐይ የተናጋሪውን ዓይን በጥላ ይሸፍናል፣ ነፋሱም ማይክሮፎኑን ያውካል፤ ስለዚህ ማለዳን መርጦ፣ ማይክሮፎኑን በጨርቅ ሸፍኖ በስልክ የቀረጸ ተማሪ፣ በውድ ካሜራ ቀትር ላይ ከቀረጸው የበለጠ ሙያ አሳይቷል።

ከሁሉ የሚከብደው የቋንቋው ጉዳይ ነው። አፋርኛ በላቲን ፊደል፣ አማርኛ በግዕዝ ፊደል የሚጻፉ በመሆናቸው፣ በምስሉ ግርጌ የሚነበበው ትርጉም ከተናጋሪው ቃል ጋር መስማማቱን አፋርኛ የማያውቅ መምህር ብቻውን ሊፈርድ አይችልም፤ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ከገምጋሚዎቹ መካከል መኖሩ የግድ ነው። በዚህም ምክንያት የማሳያው መርሐ ግብር፣ ተማሪዎች ሥራቸውን በተመልካች ፊት አቅርበው ለጥያቄ መልስ የሚሰጡበት መድረክ፣ ከመጨረሻው ነጥብ በፊት ሊካሄድና የተቀረጹት ሰዎችም ሊጋበዙበት ይገባል። ቃላቸው ተዛብቶ ከሆነ ያን ጊዜ ይናገራሉ፣ ተማሪውም ወደ ቅንብር ክፍሉ ተመልሶ ያቃናዋል።