ልጅና ጠመንጃ፦ ከጥይቱ ውፍረት በፊት



ባለፈው ዓመት የመኸር ወራት ነው። አንድ የምናከብራቸው አባት ከዐስር ሶላት በኋላ እነዋሪ ከሚገኘው ቤታችን ድረስ መጥተው ጎበኙን። እርሻቸው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የጅሩ ሜዳ አልቆ የጀማ ገደል ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነው። ቡናው ከተጠጣ በኋላ የመጡበትን ጉዳይ አወጡ።

«ኡስታዝ፣ አንተ የዲኑንም የአስኳላውንም ተምረሃል፤ ምከረኝ። ልጄ ዘንድሮ አሥራ ሦስት ዓመት ሞላው። ዝንጀሮ ማሳውን አላስቀምጥ ብሎናል። ከገደሉም ሚዳቋ ብቅ ትላለች፤ ልጁ አደን አደን ይለዋል። እኔም ዕድሜዬ እየገፋ ነው፤ የመጀመሪያ መሣሪያውን ልገዛለት አስቤአለሁ። ክላሹ ይከብደው ይሆን? ወይስ ምንሽር ይሻለዋል? ቀጭን ጥይት የሚተኩስም አለ ይባላል። ለልጅ የሚሆነው የትኛው ነው?»

ጥያቄው የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። በሰሜን ሸዋ ገጠር ጠመንጃ የቤት ዕቃ ብቻ ሳይሆን የአባወራ ክብር ተደርጎ ኖሯል። ለልጅ መሣሪያ መግዛትም «ሰው ሆነሃል» ብሎ እንደ መመረቅ ይቆጠራል። ስለዚህ ነገሩን በቁጣ መመለስ አልፈለግንም። ዝም ብለን የቆየነው ግን የራሳችን አንድ የቆየ ነገር ትዝ ስላለን ነበር።

ያቺ ሚዳቋ

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለን አጎታችን ወደ ገደሉ ይዘውን ወርደው ምንሽራቸውን አስያዙን። ሰደፉን ትከሻችን ላይ እንዴት እንደምናስደግፍ አሳዩን። ሚዳቋዋ ከቁጥቋጦ ወጥታ ቆመች። ሲተኮስ እንዴት እንደሚመታ ቀደም ብለን ሞክረነው ስለ ነበር፣ ቃታውን ከመሳባችን በፊት ዓይናችንን ጨፈንን። ጥይቱ ጭኗን አገኛት። እያነከሰች ወደ ገደሉ ገባች። እስኪመሽ ፈለግናት፤ አላገኘናትም። አጎታችን «ይሁን፣ መምታትህ አይቀርም ነበር» ብለው ጀርባችንን መታ መታ አደረጉን።

በማግሥቱ መድረሳ ስንሄድ ትከሻችን አብጦ ነበር። ቁርኣን ያስቀሩን የነበሩት ሸኽ ምን እንደሆንን ጠየቁን፤ ነገርናቸው። አልተቆጡንም። «እንግዲህ እሷስ ዛሬ ምን ያህል አሟት ይሆን?» ብቻ አሉን። ያች ጥያቄ እስከ ዛሬ ከእኛ ጋር አለች።

የቁጥሩ ነገር

አባትየው ለጠየቁን ለራሱ መልስ አለው፤ እሱን እናስቀድም። ካሊበር የሚባለው በአጭሩ የጥይቱ ውፍረት፣ ማለትም የአፈሙዙ የውስጥ ስፋት ነው። አባቶቻችንም ያማርጡት ነበር። ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ያወጡት ግራ፣ በእኛ አጠራር ውጅግራ፣ 11 ሚሊ ሜትር ነበር። በ1886 እ.ኤ.አ. የመጣው ለበን ወደ 8 ሚሊ ሜትር ወረደ። ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው ክላሽ ደግሞ 7.62 ነው።

የአጋዘን አደን በፈቃድና በወቅት ተወስኖ በሚካሄድባቸው እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች፣ ለልጁ መሣሪያ የሚመርጥ ወላጅ ሁለት ነገሮችን ይመዝናል። አንደኛ፣ ጥይቱ ከባድ ከሆነ ሰደፉ ትከሻን አጥብቆ ይመታል። የተመታ ልጅ ይፈራል፤ የፈራ ልጅ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ዓይኑን የጨፈነም እንስሳውን አቁስሎ ይለቀዋል። ሁለተኛ፣ ጥይቱ ከልክ በላይ ከቀጠነ በደንብ ያነጣጠረ ልጅ እንኳ እንስሳውን ወዲያው ሊገድለው አይችልም፤ ያሠቃየዋል።

ስለዚህ ብዙዎቹ ልጁን በወረቀት ዓላማ ላይ በ22 ቁጥር ትንሽ ጥይት ያለማምዱታል፤ ይህኛው ግን ለአጋዘን አይሆንም። ለአደኑ ደግሞ በ1955 እ.ኤ.አ. የወጣውንና 6.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለውን 243 ዊንቸስተር የሚመርጡ ብዙ ናቸው፤ ምቱ ለልጅ ትከሻ የሚቻል፣ ኃይሉም ለአጋዘን የሚበቃ ስለሆነ ነው። በእንግሊዝ በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው የአጋዘን ሕግም ትልልቆቹን አጋዘኖች ከ6.1 ሚሊ ሜትር በቀጠነ ጥይት ማደንን ከልክሏል።

ይህ ሁሉ ግን የእኛን ገደል አይገልጽም። ፈረንጆቹ የሚያድኑት፣ ቀንዱን በየዓመቱ እየጣለ እንደገና የሚያበቅለው የአጋዘን ዘር በአገራችን የለም። የእኛ ሚዳቋ ከ25 ኪሎ እምብዛም አትበልጥም። ክላሽ ደግሞ ለጦር ሜዳ እንጂ ለእሷ አልተሠራም። ጥይቱ እሷን ከሳተ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል። ከአፋፉ ቁልቁል የተኮሰ ልጅ ሚዳቋዋን እንጂ ከእሷ ኋላ ያለውን እረኛ፣ ውኃ ለመቅዳት የወረደችውን እናት አያይም።

ዲናችን ምን ያስተምራል?

እስልምና አደንን አልከለከለም። ቁርኣን በሱረቱል ማኢዳህ ከኢሕራም ውጭ ማደንን ፈቅዷል፤ በሠለጠነ አዳኝ እንስሳ የተያዘውንም የአላህ ስም ከተወሳበት እንድንበላ ፈቅዷል። መተኮስንና ማነጣጠርን መማርም ቢሆን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያበረታቱት ነገር ነው። ነገር ግን ከፈቃዱ ጋር ብዙ አደብ አብሮ መጥቷል።

አላህ በሁሉም ነገር ላይ ማሳመርን እንደ ደነገገ፣ የሚያርድ ሰው ቢላውን ስሎ እንስሳውን እንዲያሳርፍ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን ሙስሊም ዘግበዋል። የካሊበር ጥያቄ በሸሪዓ ሚዛን ሲታይ ከዚህ ሐዲስ ሥር ይወድቃል፤ የማያሠቃይ መሣሪያና የማትንቀጠቀጥ እጅ ያስፈልጋል። ነፍስ ያለውን ፍጡር የተኩስ መለማመጃ ማድረግም ተከልክሏል። ፍላጻ ይዞ በመስጊድ ወይም በገበያ የሚያልፍ ሰው ማንንም እንዳይወጋ ጫፉን በእጁ እንዲይዝ ታዟል። በቀልድ እንኳ ብረት ወደ ወንድሙ የሚያነጣጥርን ሰው መላእክት እንደሚረግሙት ተነግሯል። ባዶ ነው ብሎ አፈሙዙን ወደ ጓደኛው የሚያዞር ልጅ ይህን መስማት አለበት።

የሥጋውም ነገር አለ። ዐዲይ ኢብኑ ሓቲም (ረ.ዐ.) ስለ አደን ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በጠየቁ ጊዜ፣ በስለቱ ወግቶ የገደለው እንደሚበላ፣ በጎኑ መትቶ የገደለው ግን ተደብድቦ እንደ ሞተ ስለሚቆጠር እንደማይበላ ተነገራቸው። ጠመንጃ ከመጣ በኋላ ዑለማዎች በዚሁ ላይ ተለያዩ። በ19ኛው መቶ ዓመት የኖሩት የሐነፊው ሊቅ ኢብኑ ዓቢዲን ጥይት የሚገድለው በግፊትና በማቃጠል ነው ብለው አልፈቀዱትም። በዚያው ዘመን የነበሩት የየመኑ ሊቅ አሽ-ሸውካኒ ግን ሰርስሮ ስለሚገባ ይፈቀዳል ብለዋል። በሕይወት ከተደረሰበት ግን ቢስሚላህ ብሎ ማረድ ግድ ነው። በአገራችን ሐነፊውም ሻፊዒውም ጎን ለጎን ስለሚኖር፣ ማንም ሰው ከመተኮሱ በፊት የአካባቢውን ሸኽ ቢጠይቅ መልካም ነው። ለመሆኑ የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጅ ይህን ያውቃል?

የተመለሰው ልጅ

ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳሉ ለኡሑድ ዘመቻ ራሳቸውን አቅርበው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አልፈቀዱላቸውም። በኸንደቅ ጊዜ አሥራ አምስት ሞልቷቸው ሲቀርቡ ፈቀዱላቸው። በኋላ ኸሊፋው ዑመር ኢብኑ ዐብዱል ዐዚዝ ይህን ሲሰሙ በልጅና በአዋቂ መካከል ያለው ድንበር አደረጉት።

ልብ እንበል፤ ጊዜው የጭንቅ ጊዜ ነበር። ሠራዊቱ በቁጥር አነስተኛ ነበር። ልጁም ደፋርና ፈቃደኛ ነበር። እንዲያም ሆኖ ተመለሰ። መመለሱ ውርደት አልሆነበትም፤ ከታላላቆቹ ሶሃባዎች አንዱ ሆነ። ልጅን «ገና ነህ» ማለት ወንድነቱን መንፈግ አይደለም ማለት ነው።

የአገሩ ሕግም ቢሆን ከዚህ አይርቅም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል፤ ዛሬም ያለ ፈቃድ ማደን ያስቀጣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177ም መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝን ከልክሏል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅም ይህን ፈቃድ አያገኝም። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልላችን የገባበትን ግጭት ሁላችንም እናውቃለን። በእንዲህ ያለ ጊዜ ጠመንጃ ያነገተ ልጅ ከሩቅ ሲታይ ልጅ አይመስልም። ሚዳቋ ሊያድን እንደ ወጣ የሚጠይቀው ሰው ላይኖር ይችላል።

ታዲያ ምን እንስጠው?

ለአባትየው ያልናቸው ይህንኑ ነው። «ጋሼ፣ የጠየቁኝ ስለ ጥይቱ ውፍረት ነው። ለልጅዎ የሚሆን ቁጥር ግን ዛሬ የለም» አልናቸው። አዘኑ። «ባዶ እጁን ላስቀምጠው ነው?» አሉን። ባዶ እጁን አይደለም።

በመጀመሪያ፣ በቤት ያለው መሣሪያ ጥይቱ ወጥቶ፣ ጥይቱም ለብቻው ተቆልፎበት ይቀመጥ። ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ጎራሽ ጠመንጃ የታናናሽ ልጆችም ፈተና ነው። ሁለተኛ፣ ዝንጀሮውን በውሻና በፈረቃ ጥበቃ አባትና ልጅ አብረው ይከላከሉት። ሦስተኛ፣ ወንጭፉንም ቢሆን በአደብ ይማር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጠጠር በጣት ማስፈንጠርን ሲከለክሉ፣ አደን እንደማይገድል፣ ጠላትም እንደማይጎዳ፣ ግን ጥርስ እንደሚሰብርና ዓይን እንደሚያጠፋ ነግረዋል። በትንሹ ያልተጠነቀቀ በትልቁ አይታመንም። አራተኛና ዋናው፣ ማረድን ይማር። ነፍስን በአላህ ስም መውሰድ ምን ያህል ከባድ አማና እንደሆነ ልጅ የሚያውቀው ከሩቅ በመተኮስ ሳይሆን እንስሳዋን በእጁ ይዞ ነው።

አባትየው ሳይመልሱልን ሄዱ። የተቀየሙን መስሎን ነበር። ከዒድ አል-አድሓ በኋላ ግን መንገድ ላይ አግኝተውን እጃችንን ይዘው አቆሙን። ልጁ ቢላውን በጉ ከማያይበት ቦታ ሄዶ ስሎታል። በጉን ሳይጎትት በቀስታ አምጥቶ በጎኑ አስተኝቶ፣ ቢስሚላህ አላሁ አክበር ብሎ በአባቱ ፊት አርዷል። ሲጨርስ እጁ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ነገሩን።

«ከዚያ በኋላ ስለ ጠመንጃው አንሥቶብኝ አያውቅም» አሉን። «እኔም አላነሣሁበትም።»

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ አማናን የሚሸከም ትከሻም ይስጣቸው። አሚን። ወላሁ አዕለም።