ሩቅ ዝምድና ያላቸውን መዛግብት ስለ ማምጣት፦ የአምስት ስያሜዎች ማብራሪያ

ከመረጃ ቋት ሙያ የሚመጡ ቃላት ተርጓሚውን የሚያስቸግሩት አብዛኛውን ጊዜ ቃሉ ካለ አሠራሩ ሲተረጐም ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ላራቬል የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ ተዛማጅ መዛግብትን ለማምጣት የሚጠቀምባቸውን ስያሜዎች ነው። ማዕቀፉ በፒ.ኤች.ፒ. ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

ለምሳሌ የካ ክፍለ ከተማን እንውሰድ። ክፍለ ከተማው ወረዳዎች አሉት፤ በየወረዳው ትምህርት ቤቶች፣ በየትምህርት ቤቱም ተማሪዎች አሉ። ለእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ሠንጠረዥ ይሠራለታል እንበል። የተማሪው መዝገብ የትምህርት ቤቱን፣ የትምህርት ቤቱ መዝገብ የወረዳውን፣ የወረዳውም መዝገብ የክፍለ ከተማውን መለያ ቁጥር ይይዛል። ስለዚህ የየካን ተማሪዎች የሚፈልግ ሰው ሰንሰለቱን ተከትሎ መውረድ አለበት። «የሲግናልን ተማሪዎች» ብሎ ለሚጠይቅ ግን መልስ አይገኝም። ሲግናል ነዋሪው የሚያውቀው የሰፈር ስም እንጂ የአስተዳደር እርከን ስላልሆነ፣ በሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ ካልተሰጠው በቀር ከየትኛውም መዝገብ ጋር አይዛመድም።

የመጀመሪያው ችግር «ሪሌሽን» እና «ሪሌሽንሺፕ» የሚባሉት ቃላት ሁለቱም «ግንኙነት» ተብለው መተርጐማቸው ነው። ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት «ሪሌሽን» ያለው ከሒሳብ የተወሰደ ቃል ሲሆን የሚያመለክተውም ራሱን ሠንጠረዡን ነው። «ሪሌሽንሺፕ» ግን በሠንጠረዦች መካከል ያለው ትስስር ነው። ለዚህ ለሁለተኛው «ዝምድና» የተሻለ ነው እንላለን። በግዕዝ «ዘመድ» ወገንንም ዓይነትንም ያመለክታልና፣ ቃሉ ለጽንሰ ሐሳቡ አይጠብም።

«ዝምድና» ሌላም ጥቅም አለው፤ ርቀቱ የሚለካበትን ስልት ይዞ ይመጣል። ባላገሩ ለጋብቻ «እስከ ሰባት ቤት» ሲቈጥር እያንዳንዱ ትውልድ አንድ ቤት ነው። በዚሁ ስሌት ወረዳ ከክፍለ ከተማ አንድ ቤት፣ ትምህርት ቤት ሁለት፣ ተማሪ ሦስት ቤት ይርቃል። «ቤት» ብዙ ፍቺ ስላለው «የዝምድና ቤት» ብንለው አሻሚነቱ ይወገዳል። ላራቬል በአንድ አገናኝ ሠንጠረዥ በኩል የሁለት ቤት ዘመድን በቀጥታ የሚያመጣበት መንገድ አለው፤ ይኸንን «በአገናኝ ማምጣት» እንለዋለን። ሦስት ቤት ለሚርቀው ግን «ወረዳዎች፣ ትምህርት ቤቶች፣ ተማሪዎች» እያሉ የዝምድናዎቹን ስም በነጥብ እየለዩ መደርደር የተለመደ ነው።

ከሁሉ የሚጐዳው «ሌዚ ሎዲንግ» እና «ኢገር ሎዲንግ» የሚባሉትን «ሰነፍ ጭነት» እና «ጉጉ ጭነት» ብሎ መተርጐም ነው። አንባቢው የአህያ ጭነት ያስባል እንጂ አሠራሩን አይረዳም። የመጀመሪያው መዝገቡ በተፈለገ ጊዜ ብቻ መጠየቅ፣ ሁለተኛው የሚፈለገውን ሁሉ ቀድሞ መጠየቅ ነው። ወረዳዎቹ 10፣ በየወረዳው ያሉት ትምህርት ቤቶች 20 ቢሆኑ፣ በመጀመሪያው መንገድ ለክፍለ ከተማው 1፣ ለወረዳዎቹ 1፣ ለትምህርት ቤቶቹ 10፣ ለተማሪዎቹ 200፣ በድምሩ 212 ጥያቄ ወደ ቋቱ ይላካል። በሁለተኛው መንገድ ለአንድ እርከን አንድ ጥያቄ ስለሚበቃ ድምሩ 4 ነው። ይኸን ልዩነት ስያሜው ካልነገረው ተማሪው ገጹ ለምን እንደሚዘገይ አያውቅም። ስለሆነም «በተፈለገ ጊዜ ማምጣት» እና «አስቀድሞ ማምጣት» የሚሉትን እናቀርባለን። ሁለተኛው ሁልጊዜ ይመረጣል ማለት ግን አይደለም፤ የተማሪዎቹን ቍጥር ብቻ ለሚፈልግ ሰው መዛግብቱን በሙሉ ማምጣት የማስታወሻን ቦታ በከንቱ ይፈጃል።

በማጠቃለል ያቀረብናቸው ስያሜዎች ዝምድና፣ የዝምድና ቤት፣ በአገናኝ ማምጣት፣ በተፈለገ ጊዜ ማምጣት፣ አስቀድሞ ማምጣት የሚሉት ናቸው። የመጨረሻዎቹ አራቱ ከአንድ ቃል በላይ መሆናቸው እንደ ጕድለት ሊታይ ይችላል። እኛ ግን ከማይገባ አጭር ቃል የሚገባ ሐረግ ይሻላል ባዮች ነን። ከዚህ የተሻለ ያላቸው ባለሙያዎች ሐሳባቸውን ቢያካፍሉን በደስታ እንቀበላለን።