በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በሐሰት መብል ዓሣ ስለ ማጥመድ

በአዳማ (ናዝሬት)፣ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ (ዝዋይ) የሚገኙ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞችና ተማሪዎች እሑድ በደረሰ ቁጥር «ዛሬ በምን እናሳልፍ?» እያሉ ሲቸገሩ እንሰማለን። ቆቃ፣ ዝዋይና ላንጋኖ ግን ጧት ተነሥቶ ማታ የሚመለሱባቸው ውሃዎች ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ዓሣ ማጥመድ፣ ይልቁንም በሐሰት መብል ስለ ማጥመድ ጥቂት ልናወራ አስበናል።

በመንጠቆ ላይ ትል ሰክቶ ቁጭ ብሎ መጠበቅን የማያውቅ የለም። የሐሰት መብል የምንለው ግን ከብረት፣ ከእንጨት ወይም ከላባ ተሠርቶ ትንሽ ዓሣ ወይም ዝንብ እንዲመስል የተደረገውን ነው። አጥማጁ ወርውሮ ሲጎትተው አዳኙ ዓሣ ሕይወት ያለው ፍጥረት መስሎት ይነክሳል። ጥበቡ የዛሬ አይደለም። ዔሊያን የተባለው የሮማ ጸሐፊ ከ1800 ዓመት በፊት ገደማ፣ የመቄዶንያ ሰዎች በመንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠቅልለው ላባ በመጨመር ዓሣ እንደሚያታልሉ ጽፏል።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ይህን የሚማር ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ፓይክ በሚባለው ዓሣ ነው። ፓይክ አፉ እንደ ዳክዬ ረዘምና ጠፍጠፍ ያለ፣ ጥርሱ የሰላ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የሚኖር ነው። በውሃ ሣር መካከል ተደብቆ ይቆይና ያየውን እንደ ቀስት ተወርውሮ ይይዛል። በአገራችን ውሃ ግን የለም። እንግዲህ ለፓይክ የተሠራውን ዕቃ እንዳለ የሚገዛ ወጣት ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል።

በእኛ በኩል ለፓይክ የሚቀርበው አዳኝ አምባዛ ነው። (በጫሞና በአባያ ናይል ፐርች የሚባለው ትልቅ ዓሣ አለ፤ እርሱ ግን ለአዳማ ሰው የአንድ እሑድ መንገድ አይደለም።) አምባዛ ያገኘውን ሁሉ ይበላል፤ ትልቅ ሲሆን ዓሣም ያድናል። ነገር ግን የሚተማመነው በዓይኑ አይደለም። የላንጋኖ ውሃ በውስጡ ባለው ደቃቅ ጭቃ ምክንያት ዘወትር ቡናማ ነው፤ በዚያ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ቀለም ምን ይጠቅማል? አምባዛ የሚያድነው በስምንቱ ጢሞቹ ዳስሶ፣ አሽትቶ፣ የውሃውንም መናወጥ ተከትሎ ነው። ስለዚህ የሚመረጠው ሲጎተት ውሃውን አጥብቆ የሚያናውጥ፣ ሰፋ ያለ ማንኪያ መሰል ብረት ነው። አጎታተቱም ቀስ ያለ፣ ወደ ውሃው ወለል የተጠጋ፣ አልፎ አልፎም ቆም የሚል ይሁን። ጀማሪን የሚጎዳው ችኮላ ነው።

ለመጀመር 2 ሜትር ተኩል የማይሞላ ዘንግ፣ መዘውር፣ 10 ኪሎ ያህል የሚችል ክርና ከ15 እስከ 25 ግራም የሚመዝኑ ሁለት ሦስት ማንኪያዎች ይበቃሉ። ፓይክ ክር በጥርሱ ስለሚቆርጥ ከመንጠቆው በላይ ቀጭን ሽቦ ይታሰርለታል። የአምባዛ ጥርስ ግን እንደ ሞረድ የሚፍቅ እንጂ የሚቆርጥ አይደለም፤ ወፍራም ናይለን ይበቃዋል።

ቆሮሶ ነገሩ ሌላ ነው። ምግቡ ባብዛኛው ደቃቅ የውሃ አረንጓዴ ስለሆነ ማንኪያ አያሳድድም፤ በትንንሽ የላባ ዝንብ ግን ይያዛል። የቆሮሶ እናት ዕንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ እንደምታሳድግ አትርሱ። በዝዋይ ሐይቅ የቆሮሶ ብዛት ከቀድሞው ቀንሷል፤ እርሷን መያዝ ጫጩቶቿንም መፍጀት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። አምባዛ ወደ ዳር የሚቀርበው ሲመሽና ሌሊት ነው። ጉማሬም ሣር ለመጋጥ ከውሃ የሚወጣው በዚያው ሰዓት ነው! ጉማሬ በዝዋይና በቆቃ አለ፤ በቆቃና በአዋሽ ዳር ደግሞ አዞ አለ። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. በግድብ የተሠራ ሐይቅ ስለሆነ ዳሩ ጸጥ ያለ ኩሬ ይመስላል፤ መልኩ አያታልላችሁ። ትልቅ ዓሣ ይቅርብን ብላችሁ ፀሐይ ከወጣች በኋላ አጥምዱ፤ ወደ ውሃውም አትግቡ። ዝዋይ የብልሃርዝያ በሽታ ያለበት ውሃ ነውና እግርን ነክሮ መቆም በዚያ ቀርቶ ይቅር።

አምባዛ ሲያዝ ከጭንቅላቱ ኋላ አጥብቃችሁ ያዙት፤ በጎንና ጎን ክንፉ ላይ ያለው እሾህ እጅ ይሰነጥቃል። አየር መተንፈስ ስለሚችል ከውሃ ወጥቶ ብዙ ይቆያል፤ ሞቷል ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ። በክረምት መግቢያ ዕንቁላል ለመጣል ጎርፍ ወደ ገባበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ይወጣል። ያን ጊዜ መያዙ ቀላል ነው፤ እኛ ግን ተዉት እንላለን።

በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ወጥቷል። ስለ ፈቃድ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከሁሉ በፊት ግን በሐይቁ ዳር ያሉትን ዓሣ አስጋሪዎች ሰላምታ ሰጥታችሁ «ጋሼ፣ መረባችሁ የት የት ነው?» በሉ። ለእናንተ የእሑድ ጨዋታ የሆነው ለእነርሱ እንጀራ ነው። መንጠቆአችሁ መረብ ከያዘ በጉልበት አትጎትቱ፤ ክሩን ቁረጡና ባለቤቱን ጠርታችሁ የተያዘበትን ቦታ አሳዩት።