ምሕረት ሳይሆን ሒሳብ፤ ስለ ተለወጠ የፈተና ውጤት

ልጅን አስተምሮ ለሙያ ማብቃት ለአንድ ቤተ ሰብ የብዙ ዓመት ድካም መሆኑን ክቡራን አንባቢዎቻችን ያውቁታል። ዛሬ ግን የዚህ ድካም መደምደሚያ ከዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ዲግሪ ብቻ አይደለም። በአገራችን የጤና ሚኒስቴር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለጤና ባለሙያዎች የሙያ ፈቃድ ፈተና ይሰጣል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት የመውጫ ፈተና ይፈተናሉ። ስለዚህ የብዙ ወጣቶች ዕድል፣ ከእነርሱም ጋር የወላጆቻቸው ተስፋ፣ በአንድ ቁጥር ላይ የተንጠለጠለ ሆኗል።

ያ ቁጥር አንድ ጊዜ ከተነገረ በኋላ የማይነቃነቅ ይመስለናል። ዳሩ ግን ይነቃነቃል። ‹‹አልፈሃል›› ተብሎ ደስታው ከተደረገ፣ ልጁም ሥራ ከያዘ በኋላ፣ ‹‹የተነገረህ ውጤት ስሕተት ነበር፤ ወድቀሃል›› የሚል ደብዳቤ የመጣበት ጊዜ አለ። ‹‹ወድቀሻል›› ተብላ ያለቀሰችውም ቆይቶ ማለፏ የተገለጠበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ ነገር በደረሰ ጊዜ ምን ማድረግ ይገባል? ዝም ብሎ መቀበል ነውን? ወይስ መሟገት? መሟገትስ ከሆነ ምን ብሎ? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንን ነው።

በእንግሊዝ አገር የሆነው

በብሪታንያ በውስጥ ደዌ ሕክምና ከፍ ወዳለው ሥልጠና ለመግባት የሚፈልግ ሐኪም፣ የንጉሣውያን የሐኪሞች ኮሌጆች ኅብረት የሚያዘጋጀውን ኤም.አር.ሲ.ፒ. የሚባለውን ፈተና ማለፍ አለበት። ፈተናው ሦስት ክፍል አለው፤ ሁለቱ በጽሑፍ የሚሰጡ ሲሆኑ ሦስተኛው በበሽተኛ ፊት ቆሞ የሚፈተኑት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 6 ቀን 2023 ሁለተኛውን የጽሑፍ ክፍል 1,451 ሐኪሞች ተፈተኑ። ውጤታቸውም ተነገራቸው፤ አለፍክ የተባለው ወደ ፊት ሄደ፣ ወደቅህ የተባለው ወደ መጽሐፉ ተመለሰ።

ፈተናው ከተሰጠ 17 ወር ካለፈ በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2025፣ ኅብረቱ አንድ አስደንጋጭ ነገር አስታወቀ። በውጤቱ አሠራር ላይ በደረሰ ስሕተት ምክንያት 222 ሐኪሞች ሳያልፉ አልፋችኋል ተብለው ኖሯል፤ 61 ሐኪሞች ደግሞ አልፈው ሳለ ወድቃችኋል ተብለው ኖሯል። ሁለቱ ሲደመሩ 283 ይሆናሉ፤ ይህም ከአምስት ተፈታኞች አንዱ ያህል ማለት ነው። ኅብረቱ ይቅርታ ጠየቀ። የብሪታንያ የሐኪሞች ማኅበር ግን ብርቱ ተቃውሞ አሰማ።

ተቃውሞው ከምን እንደ መጣ ማስተዋል አያስቸግርም። በ17 ወር ውስጥ ሰው ቀጣዩን ክፍል ይፈተናል፤ ለሥልጠና ያመለክታል፤ ከከተማ ወደ ከተማ ይዛወራል፤ ትዳር ይይዛል። ወድቀሃል የተባለውም በዚያው ጊዜ ውስጥ ገንዘቡን ከፍሎ ዳግመኛ ይፈተናል፤ ወይም ተስፋ ቆርጦ መንገዱን ይለውጣል። ቁጥሩን በመዝገብ ላይ ማረም የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ በቁጥሩ ላይ የተሠራውን ኑሮ ማረም ግን እንደዚያ አይቀልም።

ሁለት ጥያቄዎች

እኛ እንደሚመስለን በዚህ ዓይነት ክርክር ሰው የሚሳሳተው ሁለት ጥያቄዎችን ስለሚቀላቅል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ‹‹እውነተኛው ውጤት የትኛው ነው?›› የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ‹‹የስሕተቱን ዕዳ ማን ይክፈል?›› የሚለው ነው።

በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ አድልዎ ሊኖር አይገባም። በሽተኛውም በዚህ ነገር ባለ ጉዳይ ነው፤ በሐኪም ፊት የሚተኛ ሰው ያ ሐኪም በእውነት የተመዘነ መሆኑን የማወቅ መብት አለው። ስሕተትም በቆየ ቁጥር እውነት አይሆንም። ስለዚህ ‹‹አንድ ጊዜ አልፈሃል ስላላችሁኝ ያላወቅሁትን እንዳወቅሁ ቍጠሩልኝ›› ማለት ጠንካራ ክርክር አይደለም።

በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ግን ተፈታኙ ሊያፍር አይገባውም። ስሕተቱን የሠራው እርሱ አይደለም። የተነገረውን አምኖ ኖረ እንጂ ማንንም አላታለለም። እንግዲህ ለዳግመኛ ፈተና የሚወጣው ገንዘብ፣ ለጥናት የሚያስፈልገው ጊዜ፣ በዚያ መካከል የሥራው መጠበቅና የስሙ መጽዳት ስሕተቱን በሠራው ወገን ላይ የሚወድቅ ዕዳ ነው። ይህን ለይቶ የሚናገር ሰው በዳኛም በመሥሪያ ቤትም ፊት ቃሉ ይሰማለታል።

የመምህራኑ ፈተና

ሁለተኛውን ምሳሌ ከራሳችን ሙያ እናምጣ። በአሜሪካ በብዙ ክፍላተ ሀገር መምህር ለመሆን የሚፈልግ ሰው ፕራክሲስ የሚባል ፈተና ይፈተናል፤ የሚያዘጋጀውም ኢ.ቲ.ኤስ. የተባለው ድርጅት ነው። በ2003 እና በ2004 ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ለሚያስተምሩ በተሰጠው የማስተማር ዘዴ ፈተና ላይ፣ በጽሑፍ የሚመለሱት ጥያቄዎች ከሚገባው በላይ በጥብቅ ስለ ታረሙ 27,000 ያህል ተፈታኞች ከሚገባቸው ያነሰ ውጤት ተሰጣቸው። ከእነዚህም መካከል 4,100 ያህሉ ማለፍ ሲገባቸው ወደቃችሁ ተባሉ።

ይህ ቁጥር በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። ሆኖም ከእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ ‹‹ለማስተማር አልበቃም›› ብሎ ራሱን የጠረጠረ ሰው ነበረ። ስሕተቱ ከታወቀ በኋላ ተፈታኞቹ በአንድነት ክስ አቀረቡ፤ በ2006 ድርጅቱ 11.1 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ትልቅና የታወቀ ፈታኝ ድርጅትም ይሳሳታል። ሁለተኛ፣ ስሕተቱ በብዙዎች ላይ የወደቀ እንደ ሆነ ብዙዎቹ ተባብረው ሲጠይቁ ሒሳቡ ይወጣል።

በጥርጣሬ የተሻረ ውጤት

ሦስተኛው ዓይነት ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ይኸውም ውጤቱ በማጭበርበር ጥርጣሬ ሲሻር ነው። ዩ.ኤስ.ኤም.ኤል.ኢ. የሚባለው የአሜሪካ የሐኪሞች ፈቃድ ፈተና፣ ከአገራችንም ወደዚያ ሄደው ለመሥራት የሚፈልጉ ሐኪሞች የሚፈተኑት ነው። በጃንዩዋሪ 2024 መጨረሻ የፈተናው አዘጋጆች ከኔፓል ጋር ግንኙነት ያላቸውን የ832 ተፈታኞች ውጤት ሰረዙ። ምክንያታቸውም በመልሶቹ አመጣጥ ላይ ያልተለመደ ምልክት አይተናል፣ ጥያቄዎቹም አስቀድመው ሳይወጡ አልቀሩም የሚል ነበር። ለተፈታኞቹም ወይ እንደ ገና እንዲታይላቸው ማመልከት፣ ወይ ማረጋገጫ የሚሆን ሌላ ፈተና መፈተን እንደሚችሉ ነገሯቸው፤ የተወሰነላቸውም ጊዜ አጭር ነበር።

ጉዳዩ በዋሽንግተን ወደሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ቀረበ። የከሳሾቹ ክርክር፣ በአገራችን ስም በጅምላ ተጠረጠርን፤ ማስረጃውም በእያንዳንዳችን ላይ ሳይታይ ተፈረደብን የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ውሳኔው እንዲታገድ የቀረበውን ጥያቄ በማርች 2024 አልተቀበለውም።

ይህ ለወጣቶቻችን ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። ‹‹ተሰርቆ የወጣ ጥያቄ ነው›› እየተባለ በገንዘብ የሚሸጠውን ወረቀት የሚገዛ ሰው ራሱን ብቻ አያጠፋም፤ ሌሊት ከመብራት ጋር ያደረውን የጎረቤቱን ልጅ ውጤት አብሮ ያስጠረጥራል። በሌላውም በኩል ፈታኙ አካል፣ አንድ ሰው በአገሩ ወይም በትምህርት ቤቱ ስም ብቻ ሳይሆን በራሱ ወረቀት እንዲመዘን የማድረግ ግዴታ አለበት። ጥርጣሬ የምርመራ መጀመሪያ እንጂ ፍርድ አይደለም።

መጠየቅ ድፍረት ነውን?

በእኛ አገር አስተዳደግ መምህርን ወይም ሹምን ‹‹እንዴት እንዲህ ሆነ?›› ብሎ መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቈጠራል። ስለዚህ ውጤቱ የተለወጠበት ልጅ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ እንባውን እያፈሰሰ ይለምናል። መምህርን ማክበር መልካም ነው፤ እኛም የምናስተምረው ይህንኑ ነው። ነገር ግን በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው የተማረውን በመምህሩ ፊት በቃሉ ያሰማ ነበር፤ ስሕተቱም በዚያው ይታረም ነበር፤ ጓደኞቹም ይሰሙ ነበር። የተሰወረ ነገር አልነበረውም። የዛሬውን የመልስ ወረቀት ግን ተፈታኙ በማያየው ቦታ መሣሪያ ያነበዋል፣ ሌላ መሣሪያ ይደምረዋል፣ ሌላ ሰው ይመዘግበዋል። ፊት ለፊት የነበረው መተማመን በቀረበት ቦታ የሚተካው ሒሳብ ጠይቆ ሒሳብ ማየት ነው።

የአገራችንም ሕግ ይህን ይደግፋል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ለሚሰጡት ውሳኔ ምክንያቱን እንዲገልጹ ያዛል፤ በውሳኔው ቅር የተሰኘ ሰውም ቅሬታውን አቅርቦ መፍትሔ ካላገኘ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት እንዲወስድ ይፈቅዳል። አስተዳደራዊ በደል የደረሰበት ሰው ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም አቤት ማለት ይችላል።

አቤቱታው እንዴት ይቅረብ

በመጀመሪያ፣ ሁለቱንም ውጤት መያዝ ያስፈልጋል። ፊት የተነገረውም ኋላ የተለወጠውም ቀኑ ተጽፎበት በወረቀት ይታተም። በስልክ ላይ ብቻ የታየ ነገር ነገ ላይገኝ ይችላል።

ቀጥሎ፣ ቀን መቍጠር ነው። ለቅሬታ የተወሰነ ጊዜ አለ፤ እርሱ ካለፈ እውነት የያዘም ሰው በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። ማስረጃው ሁሉ እስኪሟላ ከመጠበቅ አጭር ማመልከቻ አስቀድሞ ማስገባትና ዝርዝሩን ማስከተል ይሻላል። ማመልከቻውም በመዝገብ ቤት በኩል ገብቶ ቀንና ቁጥር ይሰጠው፤ ቅጂውም ከቤት ይቀመጥ። በቃል የተነገረ አቤቱታ አልተነገረም ማለት ነው።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ጥያቄው የተለየ ይሁን። ‹‹ተበድያለሁና እዩልኝ›› ከማለት ይልቅ አራት ነገር ይጠየቅ። የመልሱ ወረቀት በትክክል የተነበበ ነውን? የታረመበት ቍልፍ መልስ ለሁሉ አንድ ነውን፣ በኋላስ ተለውጧልን? የማለፊያው ነጥብ መቼና በማን ተወሰነ? ውጤቱስ ከተፈታኙ የመለያ ቁጥር ጋር መመሳከሩ ተረጋግጧልን? የታወቀው ነገርና የሚጠረጠረው ነገር ለየብቻ ይጻፍ፤ ስድብና ዛቻም አይግባበት።

በአራተኛ ደረጃ፣ ዳግመኛ ፈተና ቢቀርብ በችኮላ እምቢ አይባል። መፈተኑ የቀድሞውን ውሳኔ መቀበል እንዳልሆነ በጽሑፍ አስታውቆ መፈተን፣ ክርክሩንም ሳያቋርጡ መቀጠል ይቻላል። ክርክር ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ የሚያጠና ሰው ግን ያ ዓመት ባዶ አይሆንበትም።

ለወላጆች

የመጨረሻው ቃላችን ለአባቶችና ለእናቶች ነው። ውጤቱ የተለወጠበት ልጅ አስቀድሞ የሚፈራው የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ አይደለም፤ የቤቱን ፊት ነው። ድግስ ተደግሶለት፣ ዘመድ ተጠርቶለት ከሆነ እፍረቱ እጥፍ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ‹‹አዋረድኸን›› የሚለው ቃል ከወላጅ አፍ ሊወጣ አይገባም። ‹‹ወረቀቱን አምጣና አብረን እናንብበው›› ይበሉት።

ደግሞም ‹‹የማውቀው ሰው አለ፣ ጥቂት ገንዘብ ብቻ ስጡኝ›› የሚል አማላጅ በዚህ ጊዜ ከበር አይጠፋም። እርሱን ያስገባ ቤት እውነተኛ ክርክሩን በገዛ እጁ ያጠፋዋል፤ ቢሳካለት እንኳ ልጁ ዕድሜውን ሙሉ የሚፈራው ምስጢር ተሸክሞ ይኖራል። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላልና፣ በቀጥታው መንገድ የተጠየቀው ሒሳብ ቢዘገይም ይሻላል።

ምናልባት ተጣርቶ የልጁ መውደቅ እውነት ሆኖ ይገኝ ይሆናል። ያም ቢሆን ጥያቄው ከንቱ አልሆነም። ወጣቱ የወደቀበትን ያውቃል፣ ምን እንደሚቀረው ይረዳል፣ ፈታኙም መሥሪያ ቤት ነገ ሌላውን ከመፈተኑ በፊት መዝገቡን ደግሞ ይመረምራል። ያን ጊዜ ፈቃዱን የሚያገኘው ሐኪምም ሆነ መምህር፣ በፊቱ የሚቀመጠው በሽተኛና ተማሪ ያለ ጥርጣሬ ሊያምነው የሚችል ይሆናል።