ከኳሱ በፊት ቀጠሮው



ከግቢያችን በር ወጣ ስንል፣ በታክሲ ተራው፣ በመስጂዱ አጥር ሥር ጎዳና ላይ የሚኖሩ ልጆችን ሳናይ የምንውልበት ቀን የለም። አንዳንዴ ሳንቲም እንሰጣለን፣ አንዳንዴ እንዳላየ ሰው እናልፋለን። «ለምን በእግር ኳስ አንቀርባቸውም?» የሚል ሐሳብም በመካከላችን ይነሳል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ስፖርት ለእነዚህ ልጆች ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ ሳንለይ ብንገባበት ጉዳታችን ከጥቅማችን ሊያመዝን ይችላል።

እነማን ናቸው?

«የጎዳና ልጅ» ስንል ሁለት ዓይነት ልጆችን እንቀላቅላለን። አንዳንዶቹ ቀኑን ሊስትሮ ሲሠሩ፣ ማስቲካና ሶፍት ሲሸጡ ውለው ማታ ወደ ቤተሰባቸው ይመለሳሉ። የሌሎቹ ውሎም አዳርም እዚያው ጎዳና ነው። ድህነት፣ የወላጅ ሞት፣ የቤት ውስጥ ዱላ፣ ከገጠር ሥራ ፍለጋ መምጣት ያወጣቸው ናቸው። ብርዱንና ረሃቡን ለመርሳት ማስቲሽ የሚስቡም አሉ። ልዩነቱ ለሥራችን ወሳኝ ነው፤ የሚሠራውን ልጅ በገበያ ሰዓት «ና ኳስ እንጫወት» ብንለው የዕለት ጉርሱን እናሳጣዋለን።

ስፖርት ለምን?

ጎዳና ላይ የኖረ ልጅ፣ ትልቅ ሰው ሲቀርበው ሊያባርረው ወይም ሊጠቀምበት የመጣ ይመስለዋል። ስለዚህ ጥያቄ አብዝቶ የሚመጣን ሰው ይሸሻል፤ እውነተኛ ስሙን እንኳ ይደብቃል። ኳስ ይዞ የመጣ ሰው ግን ምንም መጠየቅ አያስፈልገውም። ተጫዋቾች ተቀባብለው ለመጫወት መጠራራት አለባቸው፤ ስም በዚያ መሐል ራሱ ይወጣል። ሌላው ሕጉ ነው። ጎዳና ላይ ጉልበት ያለው ይወስዳል፤ ሜዳ ላይ ግን ትልቁም ጥፋት ከሠራ ይፎረሽበታል።

ጨዋታን ከዒባዳ ውጭ የሆነ ዛዛታ አድርጎ ለሚያይ ወንድም፣ ሐበሾች በዒድ ቀን በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ በጦር ሲጫወቱ እንዳልተከለከሉ፣ እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) ጨዋታውን እንደተመለከቱ ቡኻሪና ሙስሊም መዘገባቸውን እናስታውሳለን።

ሌሎች ምን ሠሩ?

በናይሮቢ ማታሬ በሚባለው የድሆች ሰፈር በ1987 እ.ኤ.አ. አንድ የወጣቶች ስፖርት ማኅበር ተቋቋመ። በሊጉ የሚጫወቱት የልጆች ቡድኖች ሰፈራቸውን ሲያጸዱ ነጥብ ይታሰብላቸዋል፤ ጎል ብቻውን ዋንጫ አያስገኝም። ከዚሁ ማኅበር የወጣው ማታሬ ዩናይትድ በ2008 የኬንያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሆኗል። የሜዳው ጥረት ዓመታትን ስለዘለቀ ነው ውጤቱ እዚህ የደረሰው።

የጎዳና ልጆች የዓለም ዋንጫም አለ። በ2010 በደርባን ተጀምሮ በ2014 በሪዮ፣ በ2018 በሞስኮ፣ በ2022 በዶሃ ተካሂዷል። በሪዮው ውድድር የታንዛኒያ ወንዶች ቡድን ዋንጫውን ሲወስድ ፓኪስታን ሦስተኛ ወጥታለች። ልጆቹ ከጨዋታው ሌላ ስለ መብታቸው ይነጋገራሉ። የልደት ሰነድ የሌለው ልጅ ፓስፖርት ማውጣት ስለማይችል፣ ለውድድር ሲዘጋጁ ለዓመታት የተረሳው የሰነድ ጉዳይ ይነሳል። ኳሱ ለሌላ ጉዳይ በር ከፈተ ማለት ይህ ነው።

ዋናው ቀጠሮው ነው

እነዚህን ልጆች ብዙ ትልልቅ ሰዎች ቃል ገብተውላቸው ጠፍተዋል። በረመዳን አንድ ቅዳሜ ኳስ አጫውተን፣ ማልያ አልብሰን፣ ፎቶ ተነስተን ብንጠፋ «ማንም አይመለስም» የሚለውን እምነታቸውን እናጸናለን። ትንሽም ብትሆን የምትዘወተር ሥራ በአላህ ዘንድ ተወዳጅ መሆኗን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። የምህንድስና ተማሪዎች እንደምናውቀው ደግሞ፣ የሚሸከመው ጭነት ሳይሰላ ምሰሶ አይቆምም።

ስለዚህ ኳስ ከመግዛታችን በፊት እነዚህን እንወስን፦

• ሰዓቱ፦ በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ሜዳ። ዝናብ ቢዘንብም ቢያንስ ሁለታችን እንገኛለን።

• ፈተናና ክረምት፦ አብዛኞቻችን ወደ አገር ቤት ስንሄድ ማን ይቆማል? ቤተሰባቸው እዚሁ ከተማ የሆኑ ወንድሞችና እህቶች ስማቸውን አስቀድመው ያስመዝግቡ። የምናቋርጥበት ሳምንት ካለም ለልጆቹ ቀድመን እንንገራቸው።

• ጥበቃ፦ ማንም ብቻውን ከልጅ ጋር ገለል አይልም። ፎቷቸውን ቴሌግራም ላይ አንለቅም። ለተጎዳ ልጅ የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ ይኑረን፤ ጤና ጣቢያ የሚወስደውም ሰው አስቀድሞ ይታወቅ።

• ሴቶች ልጆች፦ እነሱን የሚያጫውቱ እህቶች፣ ለእነሱ የሚመች ሰዓትና ቦታ ያስፈልጋሉ። አለዚያ ሜዳው የወንዶች ብቻ ሆኖ ይቀራል።

• እምነት፦ ከልጆቹ ብዙዎቹ ሙስሊም አይደሉም። ኳሱ ለሁሉም ነው፤ ለጨዋታ የሚከፈል የእምነት ዋጋ የለም።

• ከሜዳው በኋላ፦ ኳስ መጠለያ አይሆንም፤ ከማስቲሽም ብቻውን አያላቅቅም። አንድ ልጅ «ቤቴ መመለስ እፈልጋለሁ» ያለ ቀን የምናገናኘውን የክፍለ ከተማ ማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያና የሕፃናት ድርጅት ከወዲሁ ሄደን እንወቅ።

ይህን ሁሉ የሚችል ሰው ካላገኘን፣ ካለመጀመር ይልቅ አሳንሰን እንጀምር፦ ሰባት ልጆች፣ ሁለት ተማሪዎች፣ አንድ ኳስ። በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ሰዓት መገኘታችን ለልጆቹ ከማልያው ይበልጥባቸዋል።

አላህ ኒያችንን ያጥራልን፤ በጀመርነውም ላይ ያጽናን። አሚን።